የፋሲካ ማግስት ግጥሚያ

ቅዳሜ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

የዘንድሮውን የእግር ኳስ ፕሮግራም ዛሬ ጠዋት እዚህ አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ላሉት የኢትዮጵያውያን ቡድኖች ሁሉ ላክሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የፋሲካ ማግስት የእኛ ነበር፤ የእኔ ሰፈር ቡድን ብሬብሩክ ከኖርዝ ሜልቦርን ይገጥማል፣ የተሸነፈው ምሳ ያበላል። አዲሶቹ ቡድኖች «በዓሉ የእናንተ ብቻ ነው እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሁሉም በዕጣ ይሁን አልኩና ዕጣውን በገዛ እጄ አወጣሁ። እኛና ኖርዝ ሜልቦርን ዘንድሮ ጭራሽ አንገናኝም።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ታደሰ ደወሉልኝ። የኖርዝ ሜልቦርንን ቡድን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። ሆስፒታል ከተኙ ወር አለፋቸው።

«ጨዋታው በስንት ሰዓት ነው? ዶክተሯን ከአሁኑ ፈቃድ ልጠይቃት ብዬ ነው።»

የዕጣውን ነገር ነገርኳቸው። «ለከርሞ እናስተካክለዋለን ጋሼ» አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ለእሳቸው ከርሞ ይባላል?



«ደግ አደረግህ፤ ለልጆቹም ይድረሳቸው» አሉኝ። «ብቻ የዚያን ቀን ናና ውሰደኝ። ባንጫወትም ሜዳው ዳር እንቀመጣለን። ምሳው በእኔ ነው፤ ዘንድሮ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ።»