በየበሩ ቆም ይሉ የነበሩት የአያታችን የሕይወት ታሪክ

አያታችን በ1944 ዓ.ም. ከድንጋይ መፍጫው ጀርባ በነበረች ባለአንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከግንበኛ አባታቸውና ሰው ቤት እየዞሩ ልብስ ያጥቡ ከነበሩት እናታቸው ተወለዱ። በዚያ ሰፈር ጠዋት ጠዋት ድንጋይ በድማሚት ይፈነዳ ነበር። እናታቸው «ይቺ ልጅ መደንገጥ የጀመረችው ገና ሆዴ ውስጥ እያለች ነው» ይሉ ነበር። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለነበሩ ጫማውም ቀሚሱም ከታላላቆቻቸው እየተረፈ ይደርሳቸው ነበር። ፍርሃቱ ግን ከማንም የተረፈ አልነበረም፤ የራሳቸው ነበር።

ውሻ ይፈሩ ነበር። ነጎድጓድ ይፈሩ ነበር፤ የመምህራቸውን ሳል እንኳ ይፈሩ ነበር። ሰሌዳ ላይ እንዲጽፉ ሲጠሩ ጠመኔው ጣታቸው መሃል ይሰበር ነበር። ታላቅ ወንድማቸው «ድንግጥ» ብለው ስም አወጡላቸው። ይህ ስም እንደ ጫማው አልሰፋቸውም፤ በልካቸው ሆነና ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው ኖረ። የሥራ ባልደረቦቻቸው በኋላ «እትዬ» የሚለውን ጨመሩበት እንጂ አልቀየሩትም።

ከሁሉም የሚብስባቸው የተዘጋ በር ነበር፤ ከበስተጀርባው ማን እንዳለ አይታወቅማ። እናታቸው ያጠቡትን ልብስ ሊያደርሱ ሲሄዱ ያስከትሏቸው ነበርና፣ አንድ ቀን የማያውቁት ቤት ደጃፍ ላይ ደርቀው ቀሩ። እናታቸው የልብሱን ዘንቢል እንደያዙ ጎንበስ ብለው «ምን አስፈራሽ? ጌታ አብሮን አይደል እንዴ? መጀመሪያ እሱ ይግባ፣ እኛ ከኋላ እንከተላለን» አሏቸው። እናት ይህን የተናገሩት ልጅ ለማባበል ነበር። ልጅቷ ግን ቃል በቃል ተቀበሉት። ከበሩ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ፤ አንድ ትልቅ ሰው የሚያሳልፍ መንገድ ለቀቁ፤ ትንሽ ጠበቁ፤ ከዚያም ገቡ። ከዚያን ቀን ወዲህ በትምህርት ቤትም፣ በሱቅም፣ በቤተ ክርስቲያንም፣ በገዛ ቤታቸውም እንዲህ ሳያደርጉ የገቡበት በር የለም። ከኋላቸው የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ጀርባቸውን ይገጭ ነበር። እሳቸውም ዞር ብለው «ይቅርታ፣ አሁን ገባ» ይሉት ነበር።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል በሚገባ ተከታትለዋል። ሆኖም አባታቸው ከግንብ ላይ ወድቀው ወገባቸው በመጎዳቱ፣ በ1960 ዓ.ም. ደብተራቸውን አስቀምጠው በልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጠሩ። ፋብሪካው ሦስተኛ ፎቅ ላይ የነበረ ረጅም አዳራሽ ነው። የስፌት መኪናዎቹ በግራና በቀኝ ተደርድረው፣ መስኮቶቹ ከራስ በላይ ስለነበሩ ከውጭ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነበር። አያታችን የተመደቡት ኮሌታ ክፍል ነው። ኮሌታ ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ጫፉ በደንብ ካልወጣ ግን ሸሚዙ በሙሉ ያኮረፈ ይመስላል ይሉን ነበር። የእሳቸው ኮሌታ አኩርፎ አያውቅም። ማታ ከፋብሪካው ሲወጡ የጥጥ ብናኝ ፀጉራቸው ላይ ያርፍ ስለነበር፣ ገና በወጣትነታቸው የሸበቱ ይመስሉ ነበር።

ከባለቤታቸው ከአባባ ጋር የተዋወቁትም በር ላይ ነው። አባባ በዚያን ጊዜ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። አንዲት ወጣት አውቶቡሱ በር ላይ ደርሳ ወደ ጎን ፈቀቅ ስትል ያዩና፣ «ሐሳቧን ቀየረች» ብለው በሩን ዘግተው ይሄዳሉ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥታቸው አልቆ «እህት፣ ትገቢያለሽ ወይስ ሰው ትጠብቂያለሽ?» አሏቸው። አያታችንም አንገታቸውን ደፍተው «እሱ ገብቷል፤ አሁን ተራው የኔ ነው» አሉ። አባባ በመስታወት ወደ ኋላ አዩ። ማንም የለም። «ታዲያ የሱን ሂሳብ ማን ሊከፍል ነው?» ሲሉ አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። አያታችን በዕፍረት ቀሉ እንጂ መልስ አልሰጡም። መልሱን ያገኙት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ኋላ እንደርስበታለን።

በ1966 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። አባባ እቤትም በሩን ከፍተው «እናንተ ቅደሙ» እያሉ ያላግጡ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ላግጣቸው ቀርቶ እሳቸውም ፈቀቅ ማለት ጀመሩ።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደምታውቁት፣ ነገር ግን እሳቸው ራሳቸው ደፍረው ወዳላወሩት ነገር እንመጣለን። በ1979 ዓ.ም. ከፋብሪካው ጨርቅ እየጠፋ ነው ተብሎ የኋላው ደረጃ በር በሰንሰለት ተቆለፈ። አንድ ቀን ከዋናው በር አጠገብ ባለው መተኮሻ ክፍል ውስጥ የካውያ ገመድ ተቃጥሎ አዳራሹ በጭስ ታፈነ። ሠራተኛው ሁሉ ወደ ኋላ በር ሮጠ፤ በሩ ተቆልፏል። እሳቱ በአንድ ባልዲ ውሃ ጠፋ። ነገር ግን በግፊያው አንዲት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ወድቀው ተረገጡ፤ ሐኪም ቤት ተወስደውም ፅንሱ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። በማግስቱ ጠዋት ሰንሰለቱ እንዳለ ነበር።

ሴቶቹ ደረጃው ላይ ተንሾካሾኩ። የሚናገር ግን ጠፋ፤ ሥራ በቀላሉ የሚገኝበት ጊዜ አልነበረም። በተለይ ለአያታችን ጊዜው ክፉ ነበር። አባባ ዓይናቸው ታሞ መሪ እንዳይዙ ተከልክለው ቤት ውለዋል፤ ልጆቹ ሦስቱም ተማሪዎች ናቸው። የቤቱ እንጀራ በእሳቸው ኮሌታ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

አያታችን እንደ ልማዳቸው የፋብሪካው በር ላይ ደርሰው ፈቀቅ አሉ። መንገድ ለቀቁ። ጠበቁ። ከዚያ ግን አልገቡም።

ፎርማኑ ሰዓቱን እያየ «እትዬ ድንግጥ፣ ግቢ እንጂ! ጌታሽ ዛሬ አረፈደ እንዴ?» አላቸው። ሴቶቹ ሳቁ።

«እሱስ ገብቷል» አሉ አያታችን። «ገብቶ በኋላው በር ሊወጣ ሲል ተቆልፎበት ቆሟል። እሱ መውጫ ካላገኘ እኔ አልገባም።»

ሳቁ ቀጥ አለ። የሸሚዝ ቁልፍ ተካይዋ፣ የልብ ጓደኛቸው፣ በኋላ ሲተርኩልን አያታችን ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር የቆሙት ይላሉ። ሥራ አስኪያጁ ተጠርተው መጡ። «ሥራሽን እንደምታጪ ታውቂያለሽ?» አሏቸው። አያታችንም «አውቃለሁ ጌታዬ። እየፈራሁ ነው የምነግርዎት» አሉ። ሥራ አስኪያጁ የደፈረን ሰው መገሠጽ ያውቁበታል፤ እየፈራሁ ነው ያለን ሰው ግን በምን ያስፈራሩታል?

ቁልፍ ተካይዋ መጥተው ከጎናቸው ቆሙ። ቀጥሎ ጨርቅ ቆራጯ መጡ፤ ቀጥሎም እጅጌ ክፍል በሙሉ። «እኛም ጌታን እንጠብቃለን» አሉ። መኪናዎቹ ጸጥ እንዳሉ ረፋዱ አለፈ። ከምሳ በፊት መክፈቻው መጣ፤ ሰንሰለቱም ወለል ላይ ሲወድቅ ድምፁ እስከ ደረጃው ተሰማ። አያታችን ገብተው መጀመሪያ ያደረጉት የኋላውን በር ገፋ አድርጎ ማየት ነበር።

ከሥራስ አልተባረሩም፤ ከኮሌታ ግን ተነሡ። ከተሰፋ ልብስ ላይ ትርፍ ክር በሚነሣበት በክር ለቀማ ክፍል ተመደቡና ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚያው ቆዩ። ያኔ ዝቅ ያለው ደመወዛቸው ተመልሶ ከፍ አላለም። አባባ ዓይናቸው ድኖ ወደ መሪያቸው ሲመለሱ «እንክሰሳቸው» ብለው ነበር። እሳቸው ግን «ተወው፣ በሩ ክፍት ነው» አሉ። የወደቁት ሠራተኛ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ዛሬ የአያታችንን አስከሬን ከሚሸከሙት አንዱ እሱ ነው።

ትልቋ ልጃቸው አንድ ጊዜ «እማዬ፣ ያን ቀን ከየት የመጣ ወኔ ነው?» ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። «የምን ወኔ?» አሉ አያታችን። «እኔ ልሸሽ ነበር። እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ተደግፌው ነው የቆምኩት።»

በ2001 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላ በሆስፒታል ሕሙማንን መጠየቅ ሥራቸው ሆነ። ቀዶ ጥገና የሚጠብቁ ሰዎች አጠገብ ቁጭ ይሉና «አይዞህ፣ ምንም የለውም» አይሉም ነበር። «ያስፈራል፤ እኔም እፈራለሁ። ብቻዬን ግን ፈርቼ አላውቅም» ይሏቸው ነበር። እጃቸውን የያዙ ሕሙማን ቁጥራቸውን እግዚአብሔር ያውቀዋል። የጎረቤታችንን ቡችላ በተመለከተ ግን እስከ መጨረሻው እርቅ አልወረደም። ቡችላው ጅራቱን እየቆላ ሲመጣ እሳቸው አጥር ለአጥር ይሸሹ ነበር። ሲሳቅባቸው «ጌታ ከአንበሳ ያድናል ተባልኩ እንጂ ስለዚህኛው አልተነገረኝም» ይሉ ነበር።

የብዙ ዓመቱ የጥጥ ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶት ኖሮ፣ በ2015 ዓ.ም. ክፉኛ ታመው ቀዶ ጥገና ታዘዘላቸው። አልጋቸው እየተገፋ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሱ። ገፊው ደንግጦ «ምን ረሱ እማማ?» አላቸው። «ምንም አልረሳሁም ልጄ። ትንሽ ወደ ጎን አድርገኝ፣ የሚቀድመኝ አለ» አሉት። ወጣቱም አልጋውን ከግድግዳው አስጠግቶ ቆመ። ሐኪሞቹ ምን ሆናችሁ ብለው ወጥተው እስኪያዩ ድረስ ቆመ።

ቀዶ ጥገናው ጥቂት ወራት ሰጠን፤ ስለ እነሱም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ መኝታ ቤታቸው ውስጥ መጋረጃው ተገልጦ ብርሃኑ ብርድ ልብሱ ላይ ወጥቶ ሳለ፣ አባባ እጃቸውን ይዘው «ፈራሽ እንዴ?» አሏቸው።

«ትንሽ» አሉ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠብቀውም «የዚያን ቀን የሱን ሂሳብ ማን ይከፍላል ብለኸኝ ነበር» አሉ። አባባ «ቀልዴን ነው እኮ» አሏቸው። «እኔ አልቀለድኩም» አሉ አያታችን። «የኔንም እሱ ከፍሎልኛል። ቀድሞ ገብቷል።» ብዙም ሳይቆዩ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ዐረፉ።

አያታችን ኀምሳ ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ባለቤታቸውን፣ አስተማሪዋንና መድኃኒት ቀማሚዋን ሴት ልጆቻቸውን፣ ዳቦ ጋጋሪውን ወንድ ልጃቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆችን፣ «ድንግጥ» ያሏቸውን ታላቅ ወንድማቸውንና ብዙ የክር ለቀማ እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል።

አምላካችን ሆይ፣ በየበሩ የቀደምካቸውን እናታችንን ፍርሃት በሌለበት ቤትህ ተቀበልልን፤ ለቀረነው ለእኛም ፊት ፊታችን ሂድልን። አሜን።

በመጨረሻ ቤተሰቡ አንድ ነገር ይለምናችኋል። ይህ ጽሑፍ ተነብቦ ሲያልቅ አስከሬናቸው በዚህ በር ይወጣል። ተሸካሚዎቹ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው ለአፍታ ይቆማሉ። ደክሟቸው ወይም ተሳስተው እንዳይመስላችሁ። እባካችሁ ከኋላ አትግፏቸው።