በትራስ ልክ ስለተሠራው መስኮት ለከተማው ምክር ቤት የተጻፈ

ይድረስ ለክቡር የምክር ቤቱ ሰብሳቢና ለተከበራችሁ አባላት በሙሉ፤

ጤናችሁ እንደ ወንበራችሁ የተደላደለ ይሁን፤ ወገባችሁን አይመማችሁ፤ ጉልበታችሁም ያን ሁሉ ደረጃ ሳያለከልክ ይውጣ። ደረጃውን ካነሳሁ አይቀር፣ ስትወጡ የምትይዙት የብረት መደገፊያ የኔ የእጅ ሥራ ነው። ከተበየደ አራት ዓመቱ ነው፤ አንድ ቦታ እንኳን ነቅነቅ ብሎ ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ። በዚህ ከተማ በብየዳ እበልጠዋለሁ የሚል ካለ ይምጣና እንተያይ። ትምህርቱን ግን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ቻው ያልኩት፤ ስለዚህ ደብዳቤው ላይ የተጣመመ ነገር ካያችሁ፣ ብረት ቢሆን ኖሮ ያቀናው ነበር ብላችሁ እለፉኝ።

የምጽፍላችሁ በመጪው ማክሰኞ እጅ ስለምታወጡበት የቤትና የግብር ደንብ ነው። ረቂቁን ሰሌዳ ላይ ስለለጠፋችሁልን ምስጋናዬ ከልብ ነው። ከመስታወት ጀርባ፣ ፀሐይ በሚያንጸባርቅበት በኩል ስለሆነና ፊደሉም የጉንዳን እግር ስለሚያክል፣ አባቴ ሦስት ቀን ተመላልሶ ነው አንብቦ የጨረሰው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጦ ስለኖረ ትንሽ ይራመድ ብላችሁ አስባችሁለት መሆን አለበት።

አቤቱታዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ቁጥር እንደምትወዱ አይቻለሁና።

፩ኛ፦ ሕዝብ ያወያያችሁት በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ስለሆነ፣ ሥራ ያለው ሰው መጥቶ እንዳይረብሻችሁ መጠንቀቃችሁ ደስ ይላል። እኔ ግን ሱቄን ዘግቼ መጣሁባችሁ፤ ይቅርታ። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ተባለ። ልብስ ሰፊዋ እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «ዛሬ እንኳን ጉራህን ተወውና ስለ እማዬ ንገራቸው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ተነሳሁ፣ ማይኩን ያዝኩ፣ ስለ ደረጃው መደገፊያ ማውራት ጀመርኩ። «ጊዜህ አልቋል» አላችሁኝ። በዚህ በዚህ እንኳን እናንተ ጥፋት የለባችሁም። ለዚህ ነው ዛሬ በጽሑፍ የመጣሁት።

፪ኛ፦ ቤት እየለካ የሚመዘግበው ሠራተኛችሁ፣ እኛ ሰፈር «ሜትሬ» የምንለው ልጅ፣ ጨዋ ሰው ነው። እቤታችን ሲመጣ ጫማውን ጠርጎ ነው የገባው። ጓሯችን ውስጥ፣ መንገዱን ታኮ የቆመ አንድ ክፍል አለ፤ አጥንቱ ብረት፣ ልብሱ ቆርቆሮ፣ ውስጡ በኮምፔርሳቶ የተለበጠ። «ይሄ ክፍል ለምንድነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እናቴ ከሞተች ሁለት ወሯ ነበር። አንድ መስመር መልስ ነበረኝ። እሱን ካወጣሁ ግን ማልቀሴ ነው፤ እኔ ደግሞ ሰው ፊት አላለቅስም፤ አፌ የለመደውን አወጣ። «ይሄማ ቢከራይ ሰው ይጋደልበታል፣ ወንድሜ!» አልኩት። «መስኮቱስ፣ ምነው እንዲህ ዝቅ አለ?» አለኝ። «ዘመናዊ ነው፣ አንተ የት ታውቃለህ!» አልኩት። ልጁ ምን ያድርግ፣ ጻፈ። መዝገባችሁ ላይ «ለኪራይ የተዘጋጀ፣ ባዶ፤ መስኮቱ ከደረጃ በታች» ይላል። በአዲሱ ደንብ ደግሞ ባዶ የተቀመጠ የኪራይ ክፍል እጥፍ ይከፍላል፤ ዝቅ ያለ መስኮትም በሠላሳ ቀን ውስጥ ከፍ ይላል፣ አለዚያ ይደፈናል። መስኮታችን ዝቅ ማለቱ እንቅልፍ ነስቷችሁ ከሆነ በጣም አዝናለሁ።

፫ኛ፦ ያኔ ያልመለስኩት መልስ ይኸውላችሁ። እናቴ ሃያ ሁለት ዓመት ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የሸጠች ሴት ናት፤ ያለ ሰው ድምፅ መዋል አታውቅም። ስትሮክ መታትና ግማሽ አካሏ እምቢ አለ። አልጋዋ ከቁም ሳጥኑ ፊት ለፊት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ቦታ የለም። አንድ ቀን በዚያ በተጣመመ አፏ «ቁም ሳጥን እያየሁ ነው የምሞተው?» አለችኝ። ክፍሉን በዘጠኝ ቀን አቆምኩት። አልጋዋን አስገብቼ፣ ትራሷን አስተካክዬ፣ ሜትሩን ከወለሉ እስከ ዓይኗ ዘረጋሁት፦ ስልሳ ሁለት ሴንቲ። መስኮቱን እዚያው ላይ ቆረጥኩት። ሰባት ወር ሙሉ በዚያ መስኮት ኖረች። ሻጩን ጠርታ የማትገዛውን ትከራከራለች፤ ተማሪውን «አንተ፣ የጫማህን ክር እሰር፣ ትወድቃለህ!» ትላለች። ጎንበስ ብሎ ሰላም ሳይላት የሚያልፍ አልነበረም። ብዙ በር፣ ብዙ አጥር ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ መስኮት ያለ ሥራ ግን ሠርቼ አላውቅም። ይሄ ጉራ አይደለም።

፬ኛ፦ አባቴ በጡረታው እጥፉን አይችልም። «እኔ እከፍላለሁ፣ ምን ችግር አለ!» ብዬ ደረቴን ነፋሁ፤ ሱቄም ላይ ግብር እንደጨመራችሁበት ስለሚያውቅ «በምንህ?» አለኝ። ማከራየቱን አልሰማም አለ። እንግዲህ ክፍሉ ካልፈረሰ ቤቱ ሊሸጥ ነው። ስለዚህ ባለፈው እሁድ እኔው ራሴ የብረት መቁረጫዬን ይዤ ጓሮ ገባሁ። ሶኬቱን ሰክቼ መነጽሬን ሳጠልቅ አባቴ ከቤት ወጣ፤ አልተቆጣኝም። አጠገቤ አልፎ ገባና እናቴ አልጋ ላይ ጋደም አለ። «ቁረጥ» አለኝ ከውስጥ፤ «እኔ እንደሆንኩ እዚሁ ነኝ።» ሶኬቱን ነቀልኩት። በሩ ላይ ቆማ የነበረችው እህቴ መጥታ ገመዱን ጠቀለለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ ምሳውን ከበላ በኋላ እዚያ ይገባል፤ ጎኑን አሳርፎ መንገዱን ያያል። ትናንት አንዱን ተማሪ «የጫማህን ክር!» ሲለው ሰምቼዋለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሰብሳቢ፣ የምለምናችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ከመዝገቡ ላይ «ለኪራይ የተዘጋጀ» የሚለውንና «ባዶ» የሚለውን ሰርዙልኝ፤ ውሸቱ የኔ ነው፣ ቅጣት ካለውም እኔን ቅጡኝ። መስኮቱን ግን ባለበት ተዉት። ማክሰኞ ደንቡን ስታጸድቁም፣ በየቤቱ እንደኔ አፉ ቀድሞት የተመዘገበ ስንት ሰው እንዳለ አንድ ጊዜ አስቡና እጃችሁን አውጡ።

ለግድግዳችን ውፍረት፣ ለመስኮታችን ከፍታ፣ ለባዶ ክፍላችንም ሳይቀር ይህን ያህል ለምትጨነቁልን ለእናንተ፣ ዝቅ ብዬ እጅ ነሥቻለሁ፤ አጎንባበሴ ከደረጃ በታች ከሆነም ከመስኮቱ ጎን ይመዝገብልኝ።

የደረጃችሁን መደገፊያ የበየደው፣
የሽንኩርት ሻጯ ልጅ

ተጨማሪ፦ ከማክሰኞ በፊት አጣሪ እንደምትልኩ ሰምቻለሁ። እባካችሁ ከምሳ በኋላ ይምጣ። በሩን ከማንኳኳቱ በፊትም በመንገዱ በኩል ጎንበስ ይበልና በመስኮቱ ወደ ውስጥ ይይ፤ አባቴም ከትራሱ ላይ ሆኖ ያየዋል። ዓይን ለዓይን ከተያዩ በኋላ «ባዶ» ብሎ መጻፍ ከቻለ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ ከሌለው እኔ አቀብለዋለሁ።