የኬሚስትሪ ክፍላችንን ሊወስዱብን

ለተወደድሽው እህቴ ለኖራ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ሲሪልና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እናንተ ዘንድ፣ በደቡቡ ዓለም፣ አሁን ብርድ ስለሆነ ሳስብሽ ሰነበትኩ። እኔ ጤናዬ ደኅና ነው፤ ንዴቱ ግን ሊገድለኝ ነው። ጽሕፈቴ ቢበላሽ በእርጅና እንዳታሳብቢብኝ፣ ብዕሩን እየተጫንኩት ነው።

የሴቶች ትምህርት ቤታችንን ከወንዶቹ ትምህርት ቤት ጋር ሊቀላቅሉት መሆኑን ጽፌልሽ ነበር። መቀላቀል ይሉታል እንጂ መዋጥ ነው። ከመጪው መስከረም ጀምሮ ስሙ የወንዶቹ፣ ርዕሰ መምህሩም የእነሱው ፔቨሪል ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የመሩን ሚስ ኦረል የእሱ ምክትል ሆነው የሴቶቹን ቀሚስ ርዝመት ይቆጣጠሩ ተባሉ!

እናታችን የነገረችን ትዝ ይልሻል? ትምህርት ቤቱ ከጨርቅ ሱቁ ፎቅ ላይ ሲጀመር ዐሥራ አንድ ልጆች ነበሩ፤ እሷም ወንበሯን ከቤት ተሸክማ ነው የገባችው። ሒሳብ ሴት ልጅን ያሳምማል ይባል በነበረበት ዘመን ሒሳብ አስተማሯቸው። እኔና አንቺም በጦርነቱ ጊዜ ጠዋት የሆኪ ሜዳውን ቆፍረን ድንች ተከልን፣ ከሰዓት በጭቃ እጃችን ላቲን ጻፍን። «ስትጠይቂ በይቅርታ አትጀምሪ» ተብለን ነው ያደግነው።

ባለፈው ማክሰኞ ፔቨሪል ሜትር የያዘ ሰው አስከትሎ ኬሚስትሪ እያስተማርኩ ገባብኝ። «ይህ ክፍል ለወንዶቹ ይሆናል። ለሴቶቹ ለምግብ ዝግጅት አዳዲስ ምድጃ አስመጥተንላቸዋል፤ ደስ ይላቸዋል» አለ። ግሌኒስ የምትባል የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ እጇን አወጣችና «ጌታዬ፣ እኔ ሐኪም መሆን ነው የምፈልገው፤ በምድጃው በሽተኞቼን ልቀቅላቸው?» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሰውየው ቲማቲም መስሎ፣ ይቅርታ ካልጠየቀች ከትምህርት ቤት ትባረር አለ።

ሚስ ኦረል ቢሯቸው ጠርተውት፣ እኔ ባለሁበት፣ «መጀመሪያ ልጅቷ ለጠየቀችው መልስ ይስጧት» አሉት። በሩን በርግዶ ወጣ። በማግስቱ የግሌኒስ እናት የፋብሪካ ሽርጧን ሳታወልቅ ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ቆመች። እስከ ምሳ ሰዓት ከሰማንያ በላይ ሴቶች ደረሱ፤ ሁሉም እኛው ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። የጥርስ ሐኪሟም፣ አውቶቡስ ላይ ቲኬት የምትቆርጠውም አሉበት። ሹሞቹ በጓሮ በር ሊወጡ ሲሉ እዚያም ሴቶች ቆመው ጠበቋቸው።

በመጨረሻ ሹሞቹ እሺ አሉና ግሌኒስ ይቅርታ ሳትጠይቅ ክፍሏ ተመለሰች። ኬሚስትሪ ክፍሉን ግን በተራ ተጠቀሙበት ተባልን፤ ሦስት ቀን ለወንዶቹ፣ ሁለት ቀን ለእኛ። ሚስ ኦረል ይህን አልቀበልም ብለው ሥራቸውን ለቀቁ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ እጄን እየጨበጠ «እንኳን አሸነፋችሁ» ይለኛል። በገዛ ቤታችን በተራ እንድንገባ ተፈቀደልን፣ ይህንንም ድል ብላችሁ አመስግኑ ይሉናል! እኔ ግን አልለቅም። ያቺ ልጅ ሕክምና ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ ፔቨሪል በየቀኑ ፊቴን ያያል።

ጁዲትን ሳሚልኝ። ትንሹን ኮሊንንም እንዲሁ። ለጎረቤትሽ ለወይዘሮ ታፕሊን ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ለሲሪልም ሰላም በይልኝ፤ ባለፈው ደብዳቤ «ሴቶቹም ይጠቀማሉ» ያላትን ግን አልረሳሁለትም፤ ከመቀላቀሉ ምን እንደሚጠቀሙ በራሱ እጅ ጽፎ ይላክልኝ።

እህትሽ ሙሪየል
ሆልደንሾ፣ ዮርክሻየር
ሐምሌ 14 ቀን 1974 እ.ኤ.አ.