በቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ የደበቅኳቸው ክኒኖች

ይድረስ ለምሳሳልሽ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? ባለቤትሽ ጋሼ እንዴት ነው፣ ልጅሽስ? እኔም ባለቤቴም ልጃችንም ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። ደህና ነን የምልሽ ለወጉ ያህል አይደለም፣ የዛሬው እውነት ነው። ባለፈው የጻፍኩልሽ ነገር ግን ሆዴን እየበላኝ ነው። «ይኼ አዲሱ የስኳር ክኒን ዐይን ያጠፋል፣ ለአንቺም ቢያዝዙልሽ እንዳትነኪው» ብዬሽ ነበር። ልጅሽ በስልክ እንደነገረችኝ ክኒንሽን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈሽበታል። በዕድሜሽ አንድ ቀን ብትሰሚኝ በስህተቴ!

የሆነውን ልንገርሽ። ክኒኑን በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ዓለም ሁሉ ለስለስ አለ። ከስፌት ቤቱ መስኮት ሆኜ ሳይ መንገዱ ስስ ሻሽ የለበሰ ይመስላል። ሰው ፊት የለውም፣ ቀለም ብቻ ነው፤ ቀይ ሹራብ ይመጣል፣ ግራጫ ኮት ይሄዳል። አልዋሽሽም፣ አንዳንዴ ደስ ይለኝ ነበር። የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ በጠራራ ፀሐይ ሕልም ውስጥ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። አባባም በሩ ላይ ቆሞ፣ እንደዚያን ጊዜው እጁን ሊያሳርፍበት ትከሻዬን የሚፈልግ ይመስለኛል።

ከዚያ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ።

ያንን ፍርሃት ካንቺ በቀር ማን ያውቀዋል? ስኳር የአባባን ዐይን ከወሰደው በኋላ ቀኝ እጁን አንቺ፣ ግራውን እኔ ይዘን ነው ያደግነው። ተራው የኔ ነው ብዬ ደነገጥኩና ለማንም ሳልናገር ክኒኑን አቆምኩት። ላንቺም የጻፍኩት ያኔ ነው። ባለቤቴ እንዳትነቃብኝ የየቀኑን ክኒን የሸሚዝ ቁልፍ የማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ እጥል ነበር። በዚሁ መሃል የሰፈራችንን መምህር ጥቁር ሰማያዊ ኮት ከላይ እስከ ታች በቡናማ ክር ሰፍቼ አስረከብኩት። ጨዋ ሰው ነው፣ «አዲስ ፋሽን መጣ እንዴ?» ብሎ ለብሶት ሄደ።

በዘጠነኛው ቀን ባለቤቴ የልጃችን ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ልትተክል ቆርቆሮውን ከፈተች። ነጭ ቁልፍ መስሏት አንዱን አንስታ መርፌዋን ብታስጠጋ ቀዳዳ የለውም። ዘጠኙንም ለቅማ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና «እየመራሁህ ላረጅ አይደለም ያገባሁህ» ብላ አለቀሰች። ወዲያው እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ነርሷ አልተቆጣችኝም። «ዐይንህ ከፍ ያለውን ስኳር ለምዶት ኖሯል፤ ስኳሩ ሲወርድ ለጥቂት ሳምንት ይደናገራል። እስኪረጋ መነጽር እንኳ አትለካ» አለችኝ። ይኼኔ ገባኝ። ጨርቅ ውኃ ነክቶት ሳይሰበሰብ ልክ ወስዶ የሚቆርጥ ልብስ ሰፊ የት አለ? እሷ የላከችኝ የዐይን ሐኪምም በመሣሪያ አይቶ አይዞህ ስላለኝ ክኒኑን እንደገና ጀመርኩ። መጀመሪያ ሆዴን ነፋኝ። አንድ ቀንም ምሳ ሳልበላ ዘግይቼ ስኳሬ ወርዶ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ አሁን በሰዓቱ እበላለሁ።

እታለም፣ በሞቴ፣ መሳቢያውን ክፈቺና ነገውኑ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ። የፈራሽውን ሁሉ እሷን ጠይቂያት፤ እኔን አትስሚኝ።

ጋሼን በጣም ናፍቀኸኛል በይልኝ። ልጅሽን፣ ሚስጥርሽን ስላወጣችብሽ እንዳትቆጪያት፣ ግንባሯን ሳሚልኝ። ባለቤቴ እጅ ትነሳለች፤ ልጃችንም ጉልበትሽን ይስማል።

ወረቀቱን መልሰሽ ስታጥፊ ተጠንቀቂ፣ ጥጉ ላይ መርፌ ሰክቼበታለሁ። ቀይ ክር አለው። ዛሬ ጠዋት፣ በሦስተኛው ሙከራ፣ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከስፌት ቤቱ መስኮት ሥር፣ ጥቅምት 19 ቀን