የመሸኛሽ አራተኛ መስመር

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ስል፣ ለሁለት ዓመት ከአምስት ወር «ሰነበትሽ» ይባላል ወይ ብዬ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ሌላ ቃል ግን አላገኘሁም። እንግዲህ እንደምን ሰነበትሽ? ብርድ ሲነካሽ የሚነሣብሽ ሳል ተወሽ? እኔ አምላክ ይመስገን አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ይላል፤ ቤታችንም ደረጃ የለውም፤ ተስማምተን እንኖራለን።

ይህ ደብዳቤ በመንግሥት ፖስታ ስለ መጣልሽ አትደንግጪ። የታሰረም የተከሰሰም የለም። ከላዩ የተያያዘው ባለ ማኅተም ወረቀት ምን እንደሆነ ከሥሩ ጀምሬ አስረዳሻለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፦ የመረጃ ክፍሏ ሠራተኛ አንብባው ነው የምትልክልሽ፤ ደንቡ እንዲያ ነው። ስለዚህ አንቺም የመረጃ ክፍሏ ልጅ፣ እንደምን ነሽ?

ያን እሑድ ምሳ ላይ «አባዬ፣ አንድ የምነግርህ ነገር አለ» ብለሽ ጀመርሽ። የዚያ የወደድሽው ሹፌር ነገር ነው ብዬ አላስጨረስኩሽም። ከእሱ ጋር ከሆንሽ እኔ ልጅ የለኝም አልኩሽ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ያቆም ነበር። እኔ ግን ሰኞ ጠዋት ጢሜን ተላጭቼ፣ ለሠርግ የምለብሰውን ኮት ለብሼ፣ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄድኩና ስምሽን ከቤተሰብ መዝገባችን አሠረዝኩ። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ «ይደሩበት፣ ነገ ይምጡ» ብሎኝ ነበር። ሥራህን ሥራ አልኩት። ማስመሪያና ቀይ ብዕር አምጥቶ ሠራ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ብዬ ልጻፍልሽ? በሦስተኛው ወር ጡረታ ወጣሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የውኃ ቆጣሪ ሳነብ የየቤቱ ውሻ ያውቀኝ ነበር፤ አሁን የሚያውቀኝ የለም። ሬዲዮውን ጠዋት እከፍተዋለሁ፣ ስተኛ እዘጋዋለሁ፤ ያወራል እንጂ አይጠይቀኝም። የራሴን ቆጣሪ በየወሩ አነባለሁ። አንድ ሰው የሚጠጣው ውኃ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ሥራ ላይ ሳለሁ ልብ አላልኩትም ነበር። ብቻዬን ነኝ ልጄ። ይህን ለማለት ኩራቴ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ያለሽበትን ልጠይቅ ያው ቢሮ ሄድኩ። ያው ሰውዬ «ምኗ ነዎት?» አለኝ። አባቷ አልኩ። መዝገቡን ገለጠና ቀይ መስመሩን አሳየኝ። «እዚህ እኮ ልጅ የለዎትም። ለማያገናኝዎት ሰው አድራሻ አልሰጥም» አለኝ። ትክክል ነው። በገዛ እጄ ያስጻፍኩትን ነው ያነበበልኝ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እንደ ምንም ብዬ ተነሥቼ ልሄድ ስል አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ ውኃ ይዛልኝ መጣች። ይህችው አሁን ይህን የምታነበው ናት።

ነገሩን ስነግራት አልተቆጣችኝም፣ አላዘነችልኝምም፤ መሳቢያዋን ከፍታ ቅጽ አወጣች። «አባቴ፣ እንደ አባት አይችሉም። ግን ሕጉ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል ይላል። ለምን ብሎ የሚጠይቅዎት የለም» አለችኝ። ተመልከቺ እንግዲህ! የወለድኩሽ እኔ የማልችለውን መንገደኛ ይችለዋል። ዝምድና በሚለው ላይ «የለም» ብዬ ሞላሁ። የጠየቅኩት ሰፈሩን ስትለቂ የወሰድሽውን የመሸኛ ቀሪ ነው። በሠላሳ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ግዴታቸው ነው። በዓመት ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት ሰው ያገኘሁት ያኔ ብቻ ነው።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ፖስታ መጣ። «ክቡር አመልካች» ይላል። በር ላይ እንደ ቆምኩ አነበብኩት። ግማሹ በጥቁር ቀለም ተሸፍኗል፤ የግል ጉዳይ ነውና አይገለጥም። የምትሄጂበት ቦታ ጥቁር ነው። ምክንያትሽ ጥቁር ነው። ቀኑ ግን ይታያል። ከቤት ከወጣሽ በስምንተኛው ወር ነው። ስምንት ወር ሙሉ እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ ነበርሽ ማለት ነው! ቆጣሪ ላነብ ሳንኳኳ ከአንዱ በር ጀርባ ድምፄን ሰምተሽ ይሆን? ሰምተሽ ከሆነ ዝም በማለትሽ አልፈርድብሽም።

አራተኛው መስመር «አብሮ የሚሄድ ቤተሰብ» ይላል። ብዛት፦ አንድ። ዕድሜ፦ ሁለት ወር። ፆታና ስም ጥቁር።

እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ያን እሑድ ልትነግሪኝ የጀመርሽው ምን እንደነበረ አሁን ገባኝ። አንድ ዐረፍተ ነገር መስማት ያቃተኝ ሰው፣ አንዲት ወረቀት ፀሐይ ላይ ዘርግቼ በቀለሙ ውስጥ ለማየት ከሰዓቱን ሙሉ ዋልኩ። የሌባ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። ደግሞም ምንም አይታይም፤ ቀለሙን አልሰሰቱበትም።

በማግስቱ መልሼ ሄድኩ። የመረጃ ክፍሏ ልጅ ሌላ መንገድ እንዳለ ነገረችኝ። የተሸፈነው ነገር የሌላ ሰው ጉዳይ ከሆነ፣ ቢሮው ለዚያ ሰው ጽፎ ፈቃድ ይጠይቃል። አመልካቹም የጥያቄውን ማብራሪያ ማያያዝ ይችላል። ይህ የያዝሽው ማብራሪያዬ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል ብላኝ ነበር፤ ስታየው ሳቀች።

አሁን ነገሩን ልብ ብለሽ አንብቢ። ከላይ ባለው ቅጽ ላይ አድራሻሽን አልጠየቅኩም። አስቤበት ተውኩት። አድራሻሽን ባገኝ በነጋታው በርሽ ላይ እንደምቆም ራሴን አውቀዋለሁ፤ በሩን መክፈት ደግሞ ያንቺ እንጂ የኔ አይደለም። ምክንያትሽንም አልጠየቅኩም፤ እሱን አውቀዋለሁ። የጠየቅኩት አራተኛው መስመር ላይ ያለው ስም እንዲገለጥልኝ ብቻ ነው። ለመፈረም አሥራ አምስት ቀን አለሽ። አይሆንም ካልሽም ያንቺን እጅ ጽሑፍ ስለማይ እሱንም አልጠላም።

ማለዳ ማለዳ ለአንቺ ስጸልይ በስምሽ ነው። ልጅሽ ላይ ስደርስ ግን እቆማለሁ። እሱ ልበል፣ እሷ ልበል አላውቅም፤ «ያንን ደግሞ» እላለሁ። አምላክ ያውቀዋል፣ ግድ የለም። እኔ ነኝ የማላውቀው።

ጤና ይስጥሽ። የምትሠሪው ይባረክልሽ። ያንንም ሰውዬ ሰላም በይልኝ፤ መኪናውን ቀስ ብሎ ይንዳ። ያንን ደግሞ አምላክ ያሳድግልሽ።

አባትሽ