«አትንኩት»፦ የሸክላ ማጫወቻ ጠጋኙ አባታችን ሕይወት

አባታችን ከከባድ መኪና ሾፌር አባታቸውና ከሆስፒታል ልብስ አጣቢ እናታቸው ሐምሌ 12 ቀን 1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታቸው ከጋራዥ ጀርባ ስለነበር እናታቸው «ልጄ ከጡት ቀጥሎ የያዘው ብሎን ነው» ይሉ ነበር። የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው፣ በ1963 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በሬዲዮ ጥገና በዲፕሎማ ተመረቁ። በትምህርታቸው መካከለኛ ነበሩ። የሞተ ሰው ሁሉ ጎበዝ ተማሪ ስለሚባል ይህን መጻፉ አይከፋም።

በ1964 ዓ.ም. በሬዲዮ ጣቢያ በቴክኒሽያንነት ተቀጠሩ። ያኔ ሬዲዮውም ሸክላ ማጫወቻውም የሚሠራው በቫልቭ ነበር፤ ቫልቭ ማለት ሲበራ እንደ አምፖል የሚግል፣ ድምፅ የሚያጎላ የመስታወት ዕቃ ነው። ከሥራ መልስ በረንዳቸው ላይ የሰው ማጫወቻ ይጠግኑ ነበር። የጋለው የሽቦ መበየጃ ካውያ ጠረጴዛው ላይ ሳለ የሰፈር ልጆች ሲከቧቸው «አትንኩት» እያሉ ስለሚቆጡ፣ ይኸው ቅጽል ስም ሆኖ ወጣላቸው። ስሙም አብሯቸው አረጀ።

እናታችንን ያወቋቸው በዚሁ በረንዳ ነው። እናታችን ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ከአባታቸው የወረሱትን፣ ግማሽ ቁም ሣጥን የሚያህል ባለ እግር ማጫወቻ በጋሪ አስጭነው መጡ። በሁለት ሳምንት ያልቃል የተባለው ጥገና ስምንት ወር ፈጀ። እናታችን እስከ ዛሬ «ዕቃዬን ለማስመለስ ነው ያገባሁት» ይላሉ። በ1978 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ወለዱ።

በ1981 ዓ.ም. ጣቢያው ወደ አዲስ መሣሪያ ሲዛወር በመጋዘን የተከማቸው አሮጌ ዕቃ እንዲወገድ ታዘዘ። ሰርቆ የሚሸጥ እንዳይኖር ቫልቮቹ ተሰብረው እንዲጣሉ ተወሰነ፤ መዶሻው የተሰጠውም ለአባታችን ነው። ቫልቮቹ ከካርቶናቸው ያልወጡ ነበሩ። አባታችን ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲሰብሩ ዋሉ። የመስታወቱ ድምፅ ደስ ብሏቸው እንደነበርም አልደበቁም። በእናታችን ማጫወቻ ውስጥ የምትገባው ዓይነት ሞልታ ነበር፤ አንዲትም ወደ ኪሳቸው አላስገቡም። ሐቀኛ ሰው ነበሩ። በኋላ ይህን ሐቀኝነታቸውን ሲረግሙ ሰምተናል።

በ2003 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በዓመቱ እናታችን በብርቱ ትኩሳት ታመው ሲነሡ ጆሯቸው መድከም ጀመረ፤ ውሎ አድሮም ፈጽሞ ተዘጋ። በጆሮ የሚደረገው መሣሪያ ፉጨት ብቻ ሆነባቸው። አንድ ቀን ጠዋት ማጫወቻው እየዘፈነ አቧራውን ሲወለውሉ እጃቸው እንጨቱ ላይ ቀረ። «ይሄን አውቀዋለሁ» አሉ፤ ዘፈኑንም ከመካከሉ ተቀብለው አብረውት ዘለቁ። ከዚያ ወዲህ እናታችን የሚያዳምጡት በመዳፋቸው ነው። ልጆቻቸው ትልቅ አዲስ ስፒከር ገዝተንላቸው ነበር፤ ዳሰስ አድርገው «ይሄ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዘፍንም» ብለው መለሱልን።

የአባታችን ቀሪ ዕድሜ በዚያ ሣጥን ላይ አለቀ። ድምፁን የምታወጣው ዋናዋ ቫልቭ ስትደክም ምትክ ፍለጋ ወጡ። ከየከተማው አሮጌ ማጫወቻ እየገዙ አመጡ፣ እንጨቱን ላጉ፣ ቫርኒሽ ቀቡ፣ መርፌ ቀየሩ። እንግዳ ሲመጣ ሃያ የሚሆን ማጫወቻ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሮ አይቶ ቤታችንን ሙዚየም ይለው ነበር። ለእናታችን ሣጥን የምትስማማ ቫልቭ የተገኘችበት ግን ወዲያው ትነቀልበታለች። ሙዚየሙ ውስጡ ባዶ ነበር። ከቤት ሰው በቀር ይህን ማንም አያውቅም።

በ2013 ዓ.ም. የቀረችው አንዲት ብቻ ሆነች። ቫልቭ አብዛኛውን ጊዜ የምትቃጠለው ቀዝቅዛ ቆይታ ስትበራ ነው፤ ስለዚህ አባታችን ማጫወቻውን ማጥፋት ተዉ። መብራት ሲሄድ እንዳትቀዘቅዝ የጭነት መኪና ባትሪ አያያዙላት። ሳትጠፋ ብትኖርም እየደከመች ማለቋ እንደማይቀር ነገርናቸው። «እሱን መች አጣሁት። ድንገት ከመሄድና ቀስ ብሎ ከመሄድ የቱ ይሻላል?» አሉ።

በ2016 ዓ.ም. ሳንባቸው ታመመ። ሐኪም ተኝተው እንዲታከሙ ቢያዝም፣ ባትሪውን ማን ይጠብቃል ብለው ለወራት እምቢ አሉ። ለመንን፣ ተቆጣን፣ አስለመንን። በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ተሸክመን ሆስፒታል አስገባናቸው። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ አፉን ሳይከፍት «ትበራለች?» ይባላል። ትንፋሽ ሲያጥራቸው በቅንድባቸው ይጠይቁ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ታላቅ ወንድማችንን ጠርተው «ስንቷን በእጄ ሰበርኳት» አሉት። ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው አረፉ። ምትክ አልተገኘችም።

አባታችን ከባለቤታቸው ሌላ ሦስት ልጆችና ሁለት የልጅ ልጆች ትተዋል። እናታችን መርዶውን ከፊታችን አነበቡት፤ ወደ ሣጥኑ ሄደው ተቀመጡ። ቫልቯ ይህ ሲጻፍ እየበራች ነው። ድምፁ ግን ስለቀነሰ አሁን መዳፍ አይበቃም፤ እናታችን ጉንጫቸውን ከእንጨቱ ያስጠጋሉ።

በቤቱ የማይሠራ አሮጌ ማጫወቻ ያለው ሰው ከመጣሉ በፊት እንዲያሳየን እንለምናለን። የአባታችንን ነፍስ ፈጣሪ ጥበቃ በማያስፈልገው ብርሃን ያሳርፍልን፤ ለእናታችንም ጽናቱን ይስጥልን። ከቀብር በኋላ ወደ ቤት የምትመጡ ዘመዶችና ወዳጆች፣ ሳሎኑ ጥግ ያለው ሶኬት ስልክ ለመሙላት የተመቸ ይመስላል። አትንኩት።