የሶስና ራስ ልኬት

ማክሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 2018። በረዶ ይጥላል። ሐኪም ቤት የሄድነው እኔ፣ ልጄ ሄለንና የአራት ወር ልጇ ሶስና ነን።

ሐኪሟ የሶስናን ራስ ሲቲ ስካን አሳየችን። የሕፃኗን የራስ ቅል ርዝመትና ስፋት በመስመር ለክታለች። አንዱ የአጥንት መጋጠሚያ ያለጊዜው ስለተዘጋ ቅሉ ወደ ኋላ ረዝሟል፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል። ከማህፀን ጀምሮ ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም አለች።

እኔ ግን ክብ እንዲሆንላት ከተወለደች ጀምሮ ራሷን በቅቤ ሳሽላት ነው የከረምኩት።

ወደ ቤታችን ወደ ኮሎምቢያ ሃይትስ ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ጥፋቱ የእኔ እንዳይሆን ብዬ ለሄለን አነሳሁላት።

"እማዬ፣ ሰምተሻል እኮ! አንቺ አይደለሽም።"

"ታዲያ ማሸቴን ለምን ለሐኪሟ አልነገርሽልኝም?"

ድራይቭ ማድረጓን ቀጠለች።

ረቡዕ ጠዋት ሶስናን አጠብኳት። ቅቤውን ከፈትኩና መልሼ ከደንኩት። ኮፍያዋን ሳጠልቅላት እጄ ራሷን እንዳይነካ ጠርዙን ብቻ ያዝኩ።